ምስክሩ ምላስ ብቻ የሆነ ሕመም

በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ ሕመም የተሰወረ አድራጊ ነው። «ራሴን ያመኛል» ስንል ራስ ተሳቢ ይሆናል፤ ታማሚውም «ኝ» በምትባለው አንዲት ፊደል ተወክሎ የድርጊቱ ተቀባይ ሆኖ ይቀመጣል። የሚያመው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ግሡ መልስ አይሰጥም። ሌባው ገብቷል፤ ቤቱም ተመዝብሯል፤ የሌባው ስም ግን አልተጠራም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን አነጋገር ሲቀርጹ፣ ሕመም የሚሰማ እንጂ የሚታይ ነገር እንዳልሆነ፣ ከታማሚው በቀርም ሌላ ምስክር እንደሌለው በሚገባ ተረድተው ነበር ለማለት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ምስክር አልባ ሕመሞች ስለ አንዱ ይናገራል። እርሱም በትምህርት ቤት መጻሕፍት የዘር ፍሬ፣ በገበሬው አማርኛ ቆለጥ እየተባለ በሚጠራው የወንድ አካል ላይ የሚሰማና ከሦስት ወር አልፎ ለዓመታት የሚዘልቅ ሕመም ነው። ይህን ጉዳይ በኪነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ላይ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። መልሴ አጭር ነው። ይህን ሕመም የሚያሳይ መሣሪያ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የሚያስረዳው ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ የባለቅኔው፣ የተውኔት ጸሐፊውና የመምህሩ የዕለት እንጀራ ነው። ቃል ሲጎድል ሰው ሳይታከም እንደሚቀር በራሴ አካል ላይ ስላየሁ፣ ነገሩን ከጓዳ አውጥቼ በአደባባይ ለመናገር ወስኛለሁ።

በ2005 ዓ.ም. በግራ ብሽሽቴ በኩል የወጣብኝን ቡአ በቀዶ ሕክምና አስጠገንሁ። ቁስሉም በደንብ ሻረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በዚያው ወገን ባለው ቆለጤ ላይ አንድ ሕመም ጀመረኝ። በመጀመሪያ የሚነሣው በልምምድ ላይ ለረጅም ሰዓት ስቀመጥ ብቻ ነበር። ተዋንያኑ ሁለተኛውን ገቢር ሲለማመዱ እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ግድግዳ ተደግፌ እቆም ነበር፤ እነርሱም ትርዒቱን በጥሞና የምከታተል መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። እየዋለ እያደረ ሕመሙ ሰዓት መምረጡን ተወ። በታክሲ ውስጥ፣ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ፣ በመኝታ ላይ ይመጣ ጀመር። ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየሮጠች ጭኔ ላይ መዝለል ትወድ ነበር። እጄ ሳላዝዘው ወደ ፊት ተዘርግቶ ይከላከላት ጀመር። ልጅቱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሮጧን አቆመች። ከሁሉም በላይ የከበደኝ ይኸው ነበር።

ወደ ሐኪም ቤት ስሄድ የመጀመሪያው ፈተና የጠበቀኝ በካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነው። ከኋላዬ ሕፃን ያዘሉ እናቶችና ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል። ጸሐፊዋ በደህና ትሕትና፣ ነገር ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ምንዎን ነው የሚያምዎት ወንድም?» ስትል ጠየቀችኝ። «ከወገቤ በታች ነው» አልኋት። እርሷም «ወገብ» ብላ ጻፈች። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ግማሽ ቀን ወገባቸውን ከሚያማቸው ሰዎች ጋር ተራ ስጠብቅ ዋልሁ።

ሰምና ወርቅ የቅኔያችን ጌጥ ነው። ተናጋሪው ሰሙን ይሰጣል፤ ሰሚው ወርቁን ፈልጎ ያወጣል። ብልህነት የሚለካውም በዚሁ ነው። በሐኪም ፊት ግን ይኸው ጌጥ ጉዳት ያመጣል። ብዙው ወንድ ሰሙን ብቻ ይዞ ይቀርባል፤ «ብርድ መትቶኛል»፣ «ታችኛው ሆዴን ነው»፣ «ያው እንግዲህ ያውቁታል» ይላል። ሐኪሙ ወርቁን ያወጣ ዘንድ ጊዜም ትዕግሥትም ላይኖረው ይችላል። የሚገርመው ነገር ቃሉ በቋንቋችን ውስጥ አለመጥፋቱ ነው። ገበሬው ስለ ወይፈኑ ሲናገር ቆለጥ የሚለውን ቃል አይፈራውም፤ በገበያ መካከል ይጠራዋል። የሚፈራው ያው ቃል ወደ ራሱ ሲዞር ነው።

እኔ በመመርመሪያው ክፍል ውስጥ ቃሉን በስሙ ጠርቼዋለሁ። ይሁን እንጂ በስም መጥራት ብቻውን በር አልከፈተልኝም። የመጀመሪያው ሐኪም ሦስት ጥያቄዎች ጠየቀኝ። ሽንት ያቃጥልሃል? ፈሳሽ አለህ? ከትዳርህ ውጭ ሄደሃል? ለሦስቱም መልሴ የለም የሚል ነበር። የሽንት ምርመራውም ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሆኖም የዐሥር ቀን የተሕዋስያን ማጥፊያ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ያ አልሠራም። ሌላው ሐኪም በስሙ የተለየ፣ በዓላማው ግን ያንኑ የመሰለ መድኃኒት ለሦስት ሳምንት አዘዘ። ያም አልሠራም። ስለ ቀዶ ሕክምናው ለማንሣት ስሞክር «ያ ድሮ ድኗል» ተብዬ ዐረፍተ ነገሬ ከወገቡ ተቆረጠ።

ሦስተኛው ወደ አልትራሳውንድ መራኝ። ምርመራውን ያደረገው ባለሙያ መሣሪያውን በጥንቃቄ አዘዋውሮ ከተመለከተ በኋላ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ምንም የለብህም» አለኝ። ይህ ቃል የምሥራችም የፍርድ ማጣትም ነበር። የምሥራችነቱ አያጠራጥርም፤ ዕጢ የለም፣ የደም ዝውውሩ ደኅና ነው፣ ውሃም አልቋጠረም ማለት ነው። ነገር ግን «በምስሉ ላይ ምንም አልታየም» እና «ምንም የለብህም» የሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እጅግ የተራራቁ ናቸው። የመጀመሪያው ስለ መሣሪያው ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ሰውየው ይፈርዳል። ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል የሐኪም ቤት አማርኛ ትልቁ ችግር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍርድ የታወቀ ነው። አራተኛው ሐኪም ሥራዬን ጠየቀኝ። ስነግረው ፈገግ አለና «ደራሲ ሐሳብ ያበዛል፤ ዘና በል» ብሎ ሸኘኝ። አምስተኛው የቀዶ ሕክምና ሰው ነበር። «ይህን ያህል ካስቸገረህ እናውጣው፤ በአንዱም መኖር ይቻላል» አለኝ። ጥርስ ስለመንቀል የሚናገር ይመስል ነበር። በአንዱ መኖር መቻሉ እውነት ነው። ነገር ግን ቆለጥን ማውጣት በዚህ ሕመም ሕክምና ውስጥ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም፤ ሕመሙ የሚነሣው ከነርቩ ከሆነ ፍሬው ከወጣም በኋላ ሊቀጥል ይችላልና። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያን ቀን የወጣሁት ለባለቤቴ የምነግራት ነገር አጥቼ ነው። እርሷም ሌሊት በተገላበጥሁ ቁጥር «አንተ ሰው፣ ዛሬም አልተኛህም?» ትለኝ ነበር።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ስለ ሐኪሞቹም መናገር ይገባኛል። በየመንግሥት ሆስፒታሉ ኮሪደር የተኮለኮለውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ አንድ ሐኪም በአንድ ጧት ስንት ሰው እንደሚያይ ይገምታል። በእርሱ ፊት ደም የሚፈሳት ወላድና በመኪና የተገጨ ወጣት እያሉ፣ በእግሩ ቆሞ የመጣ፣ ትኩሳት የሌለው፣ እብጠት የማይታይበት ሰው ወደ ኋላ ቢገፋ የሚደንቅ አይደለም። ከዚህም ሌላ የቋንቋ ግንብ አለ። የአገራችን ሐኪም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ካርዱንም የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ታማሚው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የተናገረው በጆሮና በብዕር መካከል ይተረጎማል። በትርጉሙም ቅመሙ ይጠፋል፤ «ይለበልበኛል» ያለውም፣ «ይከብደኛል» ያለውም፣ «ይነዝረኛል» ያለውም በካርዱ ላይ «ሕመም» በምትል አንዲት ደረቅ ቃል ይጠቃለላሉ።

የታማሚን ቃል መቁረጥ የእኛ አገር ሐኪሞች ብቻ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ሐኪሞች ታማሚው ችግሩን መናገር ከጀመረ በኋላ በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። በመድረክ ላይ 18 ሴኮንድ ምን ያህል እንደሆነ የተውኔት ሰው ያውቀዋል። አንድ ተዋናይ ከበር ገብቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ያልቃል። ጭብጡ ገና አልተጀመረም።

እንግዲህ ሰውነታችን ራሱ በዚህ ጉዳይ ምን ይላል? የወንድ የዘር ፍሬ የሚፈጠረው አሁን ባለበት ስፍራ አይደለም። ጽንሱ በማሕፀን ሳለ ፍሬዎቹ በሆድ ውስጥ፣ በኩላሊት አጠገብ ይበቅላሉ፤ ከዚያም ከመወለድ በፊት የደም ሥራቸውንና ነርቫቸውን እየጎተቱ በብሽሽት በኩል ወደ ታች ይወርዳሉ። ስለዚህ ይህ አካል አድራሻውን ቢለውጥም ዘመዶቹ እላይ ቀርተዋል። የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ሕመሙ ወደ ቆለጡ ሲወርድ የሚሰማው፣ ቆለጡን የተመታ ሰውም ሆዱን የሚያጥወለውለው በዚሁ ዝምድና ምክንያት ነው። በብሽሽት ውስጥ የሚያልፈው ገመድ የደም ሥርን፣ ነርቭንና የዘር ቧንቧን አንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ ቡአ የሚጠገነውም በዚሁ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው። ሕመሙ አንድ ቦታ እየተሰማ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ምስሉ የተነሣው በሚያመው ስፍራ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከዚያ በላይ ባለው መንገድ ላይ ሊደበቅ ይችላል።

ምስል በማያሳየው ነገር ላይ ቃል መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል የተረዱ የሳይንስ ሰዎች አልጠፉም። ሮናልድ ሜልዛክ የተባለው የካናዳ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ከፓትሪክ ዎል ጋር ሆኖ ሕመም በአከርካሪ ውስጥ እንደ በር በሚከፈትና በሚዘጋ ሥርዓት እንደሚያልፍ የሚያስረዳውን ንድፈ ሐሳብ አቅርቧል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ሕመምን የሚገልጹ 78 ቃላትን በ20 ምድብ አሰልፎ፣ ታማሚው የራሱን እየመረጠ የሚያመለክትበትን መጠይቅ አሳተመ። አንድ ሊቅ በቤተ ሙከራው መካከል ቁጭ ብሎ የባለቅኔ ሥራ ሠራ፤ ቃላትን መረጠ፣ መዘነ፣ በየደረጃቸው አስቀመጠ። ቃሉ ለጌጥ የተሰበሰበ አይደለም። «ያቃጥላል» የሚለው ቃልና «ይጠዘጥዛል» የሚለው ቃል ወደ ተለያየ ምክንያት ሊያመለክቱ ስለሚችሉ ነው።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ይወጋል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይቆረጥማል፣ ይሰረስራል፣ ይለበልባል፣ ያቃጥላል፣ ይነዝራል፣ ይጎትታል፣ ይከብዳል፣ ይደነዝዛል። እነዚህን ግሦች ማንም ከመጽሐፍ አልተማራቸውም፤ ከእናቱ አፍ ነው የሰማቸው። እያንዳንዳቸውም ለሚያዳምጥ ሐኪም መንገድ ጠቋሚ ናቸው። ቆመው ሲውሉ የሚጎትትና የሚከብድ፣ ጋደም ሲሉ የሚለቅ ከሆነ፣ በገመዱ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ተወጥረው ሊሆን ይችላል፤ ይህም በግራ ወገን ይበዛል። ከትኩሳት፣ ከእብጠትና ከሽንት ማቃጠል ጋር የመጣ እንደሆነ የተሕዋስያን ነገር ይጠረጠራል። ከጎን ተነሥቶ እየወጋ የሚወርድ ከሆነ ጠጠር ይታሰባል። የሚለበልብ፣ የሚነዝርና ከቆዳ መደንዘዝ ጋር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ነርቭ መጠየቅ አለበት።

በአንድ ተራ መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንድ የሠላሳ ዓመት ገደማ ጫኝና አውራጅ ጋር ተቀምጬ ነበር። እርሱም የመጣው ለዚሁ ነገር እንደሆነ በቀስታ አጫወተኝ። «ጋሼ፣ ቆሜ ስውል ይጎትተኛል፤ ሲመሽ ይከብደኛል፤ ጋደም ስል ይለቀኛል» አለኝ። ከዚህ የተሻለ የሕመም ታሪክ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገር አይችልም። ጊዜው አለ፣ ሁኔታው አለ፣ መባባሻውም ማስታገሻውም አለ። ሐኪም የሚፈልገውን ሁሉ ሦስት ግሦች ተሸክመውታል። ከመመርመሪያው ክፍል ሲወጣ ምን እንዳሉት ጠየቅሁት። «ምንም አላሉኝ፤ ኪኒን ሰጡኝ» አለ። ያቺን ወርቅ የመሰለች ዐረፍተ ነገር ተናግሯት እንደሆነ ስጠይቀው «ማን ጠየቀኝና?» ሲል መለሰልኝ።

እኔን የጠየቀኝ ሰው የተገኘው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዕድሜ የገፋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሐኪም ነበር። የያዝሁትን የወረቀት ክምር ተቀብሎ ሳይገልጠው ጠረጴዛው ላይ አኖረውና «ይህን በኋላ አየዋለሁ፤ እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረህ አንተ ንገረኝ» አለኝ። የተናገርሁት ምናልባት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ዝም ብሎ አዳመጠ። ስጨርስ «ይጠዘጥዛል ወይስ ይለበልባል?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደሚለበልብና አንዳንዴም እንደሚነዝር ነገርሁት። «በዚያ ወገን ተቀደህ ታውቃለህ?» አለኝ። ከዚያም የጭኔን የውስጥ ወገን በጥጥ ዳሰሰኝ፤ የቀኙ ሲሰማኝ የግራው ደነዘዘብኝ። ጣቱን በአሮጌው ጠባሳ ላይ አኑሮ ቀስ ብሎ ሲጫን፣ ያ ለዓመታት ያሳደደኝ ሕመም በሙሉ ማንነቱ ከተፍ አለ። ሌባው በስሙ ሲጠራ አቤት አለ።

ነገሩን አስረዳኝ። ቡአው በተጠገነበት ስፍራ የሚያልፍ ነርቭ በጠባሳው ተይዞ ሊሆን እንደሚችል፣ ይህም ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በኋላ የታወቀ ችግር መሆኑን፣ ለረጅም ጊዜ የተበሳጨ ነርቭም አከርካሪንና አንጎልን ሳይቀር ለሕመም እንደሚያሰላ ነገረኝ። ለማረጋገጥም በስፍራው ላይ የሚያደነዝዝ መርፌ ወጋኝ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሕመሙ ጠፋ። ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር የጠፋው፤ ማደንዘዣው ሲያልቅ ተመልሶ መጥቷል። ሐኪሙም ይህንኑ ይጠብቅ ነበር። የመርፌው ዋና ጥቅም ማስረጃ መሆኑ ነው፤ ሕመሙ ከየት እንደሚነሣ መሰከረ። እኔ ግን ሌላም ነገር አገኘሁበት። የምለው ሁሉ እውነት እንደነበር ከምላሴ ሌላ ምስክር ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሳላፍር፣ አለቀስሁ።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ሕክምና ተአምር የለበትም። ማታ ማታ የሚዋጥ በአነስተኛ መጠን የታዘዘ አሚትሪፕቲሊን፣ በየጊዜው የሚደገም መርፌ፣ በሕመሙ ምክንያት የተኮማተሩትን የዳሌ ጡንቻዎች የሚያፍታታ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ነበር። መድኃኒቱ ለድባቴም የሚታዘዝ ስለሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ «ይህን የማዝልህ ለነርቭህ ነው፤ ከመጠርጠርህ በፊት ልንገርህ» አለኝ። አፍ ያደርቃል፤ ጧት ጧትም ያንቀላፋል። ሕመሙ ፈጽሞ አልሄደም። ነገር ግን ዕለት ዕለት ይመጣ የነበረው አሁን አልፎ አልፎ የሚጎበኝ እንግዳ ሆኗል። ለእነዚህ ነገሮች የማይበገር ሕመም ሲያጋጥም፣ በጉልህ ማያ መሣሪያ እየታገዙ በገመዱ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ነርቮች መቁረጥ የሚባል ቀዶ ሕክምናም አለ። ይህን ዴቫይንና ሼልሀመር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1978 አስተዋውቀውታል። እኔ እዚያ አልደረስሁም።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1979 ለሕመም ትርጓሜ ሲሰጥ፣ ሕመም የአካልና የስሜት ጉዳይ በአንድነት እንደሆነ፣ ጉዳት ባልታየበትም ጊዜ ሊኖር እንደሚችል አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ትርጓሜውን ሲያሻሽል ደግሞ ሰው «ያመኛል» ብሎ የሚሰጠው ቃል ሊከበር እንደሚገባ በማብራሪያው አክሏል። አማርኛችን በአንዲት «ኝ» የተናገረችው ነገር በሊቃውንት ጉባኤ ላይ ጸደቀ ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ «ምስሉ ንጹሕ ነውና ሕመም የለህም» የሚል ሐኪም የሚሟገተው ከታማሚው ጋር ብቻ አይደለም፤ ከራሱ ሙያ ጋርም ነው።

ዝምታው ከረጅም ስቃይ ሌላ አጣዳፊ አደጋም አለው። በተለይ በወጣቶች ላይ፣ ቆለጥ በገመዱ ላይ ተጠማዝዞ የደም መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ሕመሙ በድንገት የሚመጣና ብርቱ ነው፤ ማቅለሽለሽም ይከተለዋል። ፍሬውን ለማዳን የሚቻለው በአብዛኛው ስድስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ነው። ቃሉን ለአባቱ መናገር ያፈረ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ እስኪነጋ ቢታገሥ፣ ንጋቱ በጣም ዘግይቷል። እንዲሁም በቆለጥ ላይ የሚወጣ ጠጣር እብጠት ባያምም እንኳ፣ ይልቁንም ባለማመሙ ምክንያት፣ ፈጥኖ ለሐኪም መታየት አለበት፤ የዚህ አካል ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ይጀምራልና። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ቃል እንደዚህ በቀጥታ የሚፈጸምበት ቦታ ጥቂት ነው።

ኀፍረት የተጫነው በሽታ በአደባባይ ሲነገር ምን እንደሚሆን አገራችን ምሳሌ አላት። በአስቸጋሪ ምጥ ምክንያት ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው እናቶች ከመንደር ተገልለው፣ ከማዕድ ተለይተው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እነዚህን እናቶች በማከም ጀምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዛሬ ፊስቱላ የሚለውን ቃል በራዲዮ ስንሰማ ማንም ጆሮውን አይዘጋም። ቀዶ ሕክምናው ሴቶቹን ፈወሰ፤ የቃሉ በአደባባይ መነገር ደግሞ ሌሎቹ በሩን እንዲያንኳኩ አደረጋቸው። የእናቶቹ መከራ ከእኔው ጋር አይመዛዘንም። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ መጀመሪያ ስም ይጠራል፣ ቀጥሎ በር ይከፈታል።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? መምህራን ስለ ሰው አካል ሲያስተምሩ ይህችን ገጽ እየዘለሉ ባያልፏት መልካም ነው። ተማሪው የዚህን አካል ስም ከጓደኛው ስድብ ሳይሆን ከመምህሩ አንደበት ቢሰማው፣ በታመመ ጊዜ የሚናገረው ቃል ይኖረዋል። በየደረጃው ያሉ የጤና ሥራ ኃላፊዎች ትልቅ በጀት የማይጠይቁ ሁለት ነገሮችን ማድረግ ይችላሉ። በካርድ ክፍል መስኮት ላይ ታማሚው ምኑን እንደሚያመው በሕዝብ ፊት መጠየቁ ይቅር፤ በካርዱ ላይም ታማሚው ራሱ የተናገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ በተናገራት ቋንቋ፣ ሳትተረጎም የምትጻፍበት አንድ መሥመር ትኑር። ያ ጫኝና አውራጅ የተናገራት ዐረፍተ ነገር በዚያች መሥመር ላይ ሰፍራ ቢሆን ኖሮ፣ ቀጥሎ ካርዱን የሚገልጠው ሐኪም ሳያያት አያልፍም ነበር።

የእኛ የኪነ ጥበብ ሰዎች ዕዳ ደግሞ ለብቻው ነው። በመድረኮቻችን ላይ ይህ አካል ሲጠቀስ ለሣቅ ብቻ ነው። ተዋናዩ ይመታል፣ ጎንበስ ይላል፣ አዳራሹ በሣቅ ይናጋል። እኔ በተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን ሣቅ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሣቅን የሚከለክል ተውኔት አልወድም። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥርሱን ነክሶ የሚቀመጥ ሰው እንደሚኖር አውቄያለሁና፣ ከመቶ ቀልድ መካከል አንድ ጊዜ እንኳ ይህን ሰው እንደ ሰው የሚያሳይ ገቢር እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ተውኔቱ ሁለት ገጸ ባሕርያት ብቻ ይበቁታል፤ ታማሚና ሐኪም። መድረኩ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበሮች ናቸው። ታማሚው ይናገራል፤ ሐኪሙም እስኪጨርስ ድረስ ይሰማዋል።